የእትዬ ጀምበር

ካውያ እህቱን ወደ ረጅሙ ሕንፃ ጣሪያ ሊወስዳት ሲያስብ ማንንም አላማከረም። ካውያ ያሉት ደንበኞች ናቸው፤ በልብስ ስፌት ሱቃቸው ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲተኩስ ስለኖረ የራሱ ስም ተረስቶ የዕቃው ስም መጠሪያው ሆኖ ቀረ። ታላቅ እህቱ እትዬ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል። ሰሞኑን የዓይን ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀምጦ፣ የእትዬ የዓይን ብርሃን ቀስ በቀስ እየሄደ መሆኑንና የሚመልሰው መድኃኒት እንደሌለ ነገራቸው። እትዬ ሻርፗን አስተካክላ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ መደገፊያውን ይዞ የቀረው ካውያ ነው።

ካውያ ቀለም አይለይም። ቀይና አረንጓዴ ለእሱ አንድ ናቸው። ልጅ ሳለ ክፍል ውስጥ ቀይ ቅጠል ስሎ መሳቂያ ሆኖ ሲመጣ፣ እትዬ አጥሩ ላይ አስቀምጣ የምትጠልቀውን ጀምበር በቃል አሳየችው። ቀዩ ከባዱ ነው፣ ከታች ይተኛል፤ ብርቱካናማው ይቀላል፤ ቢጫው ዓይን ይወጋል አለችው። ከዚያ ወዲህ ዓለም ቀለም የሚኖራት በእትዬ አፍ ብቻ ነው። በሱቁም ክሮቹን የምትደረድረው እሷ ናት፦ ቀዩ በግራ ጫፍ፣ አረንጓዴው በቀኝ ጫፍ፣ ማንም አይነካቸውም። አንድ ጊዜ ግን አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት እንደተባለችው ሴት፣ ደንበኞች ሲያመሰግኑት ልቡ ያበጠው ካውያ በገዛ ምርጫው ክር አንስቶ የሙሽራ ቀይ ቀሚስ ጠርዝ በአረንጓዴ ዘመዘመው። እትዬ ሙሽራዋ ፊት "ዓይኔ ነው የሸወደኝ" ብላ ጥፋቱን ጠቅልላ ወሰደች። ያኔ ዓይኗ ደህና ነበር።

እንግዲህ ይህቺ ሴት ብርሃኗ ሳይሄድ አንድ ጀምበር፣ አጥርም ጣሪያም ሳይጋርዳት፣ ከላይ ሆና ማየት አለባት ብሎ ወሰነ። ልብስ ሊያስተኩሱ የሚመጡ ወጣቶች በረጅሙ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ስላለው ባር አውርተው አይጠግቡም። ለጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ከፊት ያለውን ጠረጴዛ ያዘላት።

ሊፍቱ ጆሯቸውን ደፍኖ አወጣቸው። የጣሪያው ዙሪያ በመስተዋት ታጥሯል፤ ወጣቶች ጀርባቸውን ለከተማው ሰጥተው ራሳቸውን ፎቶ ያነሳሉ። እትዬ በካውያና በአስተናጋጁ ድጋፍ ረጅሙ ወንበር ላይ ከወጣች በኋላ፣ ይህን የሠራው ሰው ቀጭኔ ሊጋብዝ አስቦ ነው ወይ ብላ ሁለቱንም አሳቀቻቸው። የብርቱካን ጭማቂ አዘዙ።

ጀምበሯ ከኮረብታው ጀርባ ገባች፤ ሰማዩ መለወጥ ሲጀምር ሰዉ ሁሉ ስልኩን ቀሰረ። ካውያ እንደ ልጅነቱ ተጠግቶ ምን እንደሚመስል ጠየቃት።

"ቆንጆ ነው" አለች።

አንድ አዝራር ለመምረጥ ግማሽ ቀን የምትሟገት ሴት "ቆንጆ ነው" ብቻ ስትል ፍርሃት ፍርሃት አለው። ብርጭቆዋን ልታነሳ እጇን ስትሰድ ጣቶቿ ባዶ ጠረጴዛ ዳበሱ፣ ከዚያም ብርጭቆውን ገፍተው ደፉት። ጭማቂው ቀሚሷ ላይ ሲፈስ ወደ ታች አላየችም። ፊቷ የዞረው ወደ ሰማዩም አልነበረም፤ ወደ ሊፍቱ የሲሚንቶ ግድግዳ ነበር።

ካውያ አስተናጋጁ ጠራርጎ እስኪሄድ ጠበቀ።

"እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቀን ቀን ደህና ነኝ። ብርሃን ሲደክም ግን መጋረጃ ይወርድብኛል። ከጀመረኝ ከርሟል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ለዛሬ ብለህ ሸሚዝህን ሁለት ጊዜ ስትተኩስ ሰማሁህ። ምን ብዬ ልንገርህ?"

ካውያ ገባው። ቀትር ላይ ቢያመጣት ኖሮ ከተማዋን እስከ ዳርቻዋ ታይ ነበር። እሱ ግን ያሳየችውን ጀምበር ሊመልስላት ብሎ፣ ከቀኑ ሰዓት ሁሉ ዓይኖቿ የማይታዘዙላትን መርጦ አመጣት። ሰው አብዝቶ ሲወድ ማሰብ ይረሳል። እንባው መጣ፤ ደግነቱ አታየኝም ብሎ አሰበና በሐሳቡ አፈረ።

"በል ንገረኝ" አለች እትዬ።

"እኔ? ቀለም የማላውቀው?"

"ቀለሙን ለእኔ ተወው። አንተ ያየኸውን ንገረኝ።"

ትከሻዋን ይዞ ወደ ምዕራብ አዞራት። ከታች ጣሪያዎቹ ላይ እንደ ክረምት ካፖርት የከበደና የጠቆረ ነገር መተኛቱን ነገራት። እሱ ቀዩ ነው አለች ወዲያው። ከሱ በላይ ያለው ሐር ይመስላል፣ ግን ያልተተኮሰ ሐር፣ መሃሉ ተጨማዷል አላት። ብርቱካናማው መሆኑን፣ የተጨማደደውም ደመና መሆኑን ነገረችውና ጠርዙ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ጠርዙ ዓይን ይወጋል አላት። ፈገግ አለች፤ ቢጫውን ማን ይረሳዋል። እንዲህ እያሉ፣ እሱ እያየ እሷ እየቀባች፣ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ጨረሱት። ካውያ በሕይወቱ ያንን የሚያህል ጀምበር አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ጨለመ። ሰዉ ስልኩን ከቶ ወደ መጠጡ ተመለሰ። ካውያ ግን አላቆመም፤ በስተግራ ጫፍ አንድ ቀጭን ብርሃን እንደ ክር ተዘርግቶ መቅረቱን፣ ለመጥፋትም እንደማይቸኩል ነገራት።

እትዬ እጁን ፈልጋ ያዘች።

"ጨልሟል አይደል?"

"ገና ነው።"

"ብርዱ ነግሮኛል፣ አንተ ቀጣፊ።" በሌላ እጇ ሻርፗን ሰበሰበች። "በግራ ጫፍ ከሆነ ቀይ ነው። ቀጥል።"