አጋሙ ውስጥ የበቀለው

፩

በዩኒቨርሲቲው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲህ ተብዬ ተጽፌያለሁ፦ «አንዲት የአካባቢው ነዋሪ አስተያየት ሰጡ።»

አንዲት።

ስሜ ይርገዱ ምንውዬለት ነው። ምን እንዳልኩ አልተጻፈም። ስለዚህ እኔው እጽፈዋለሁ። ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ይበቃል።

፪

ከግቢያቸው ጀርባ ያለው ኮረብታ ድሮ ወይራና ሣር ነበር። ባሕር ዛፍ ተከሉበት፤ ምንጩ ደረቀ። አሁን ባሕር ዛፉን ነቅለው የቀድሞውን እንመልስ አሉ። ደግ አሰቡ፤ አልክድም።

፫

አምና የተከሉት ወይራ፦ ሁለት ሺህ።

ዘንድሮ የቆመው፦ አሥራ አንድ። ፍየል የቀነጠበውን ጨምሬ ነው።

፬

ቃለ ጉባኤው ያስቀረው

ዶክተር ናሁሠናይ (የተከላው ኃላፊ)፦ የቀረውን ቁጥቋጦ ሰኞ መንጥረን ጉድጓድ እንቆፍራለን።

እኔ፦ አጋሙንም?

እሱ፦ እሾህ እኮ ነው፣ እማማ። ችግኙን ውኃ ይሻማዋል።

እኔ፦ ወይራን ማን ይተክለዋል?

እሱ፦ እኛ ነና።

እኔ፦ ወፍ ናት። ፍሬውን ውጣ አጋም ላይ ታርፍና ትኮሳለች። ከእሾሁ ሥር ይበቅላል። ጥላ አለው፤ ፍየል አይደርስበትም። አንተ ገላጣ ላይ ትገትረዋለህ፣ ፀሐይ ይጠብሰዋል።

እሱ፦ በዚህ ላይ ጥናት አለ?

እኔ፦ ወፏን ጠይቃት።

ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

፭

አንባቢዬ፣ ወግ እንዲህ ተቆራርጦ ይጻፋል ወይ ትለኝ ይሆናል። አጋምም ቀጥ ብሎ አያድግም። ካልተመቸህ ዞረህ እለፍ።

፮

እኔም አጥፍቻለሁ። ባሌ የሞተ ዓመት፣ ባል የሌላት ሴት ጓሮ ዳዋ ለበሰ እንዳይሉኝ አጋሜን ከሥሩ አስመነጠርኩ። ጎረቤት አመሰገነኝ።

ሠላሳ ዓመት።

አንድም ወይራ አልበቀለልኝም። የእርጎ ቅሌን የማጥንበትን እንጨት ከገበያ እገዛለሁ። ኮረብታው ላይ ያለው አጋም የመጨረሻው ነው፤ ሌላ የለንም።

፯

ትናንት አጋሙ ውስጥ በሆዴ ተስቤ ገባሁ። ነጠላዬ እዚያው ቀርቷል። ስንዝር የሚያህል ወይራ አየሁ፣ ክንድ የሚያህልም። ስንት እንደሆነ ብነግርህ ጥናት አለ ወይ ትለኛለህ።

ስለዚህ፣ ዶክተር ናሁሠናይ፣ ሰኞ አንድ ሰው ቆንጨራ ሳያነሳ በፊት አንተው ተንበርክከህ ግባ። ሰው እንዳትልክ። ቅጠሉን ገልብጠህ እይ፤ ጀርባው ነጣ ይላል። አንድ በአንድ ቁጠር። ስትወጣ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፤ በእጅህ እዚህ ትጽፈዋለህ፦

አጋሙ ውስጥ ያገኘሁት ወይራ ብዛት ____________

ሰኞ ያዘዝኩት ____________