ስድስት እጀታ

በክርክር እኔን የረታ ሰው በሎውሪ ከተማ ገና አልተወለደም። የታሪክ መምህራችን ሞክሮ ራስ ምታት ይዞት ወጥቷል። ፓስተር ጊልያምም ስለ ዮናስና ስለ ዓሣው አንዲት ጥያቄ ጠይቄያቸው እስካሁን "እጸልይበታለሁ" እንዳሉ ናቸው። ስለዚህ አሰልጣኝ ማክሌሞር በሚቀበሩበት ቅዳሜ ጠዋት እናቴና አጎቴ ሬይ ወጥ ቤታችን ውስጥ ሲጯጯሁ፣ እኔ የአባዬን የላማርን ነጭ ሸሚዝ እየተኮስኩ የማስበው መቼ ልግባበት የሚለውን ብቻ ነበር።

"አይሆንም አልኩ፣ አይሆንም!" አለች እናቴ። "ላማር ያንን የሬሳ ሣጥን አይሸከምም። አለቀ።"

"ኑዛዜ ነው እኮ ቬርኒታ።"

"የማን ኑዛዜ? እኔ ተናዝዤልሃለሁ?"

አጎቴ ሬይ የሥጋ አጎቴ አይደለም። ከአባዬ ጋር በኮሌጅ ቡድን ውስጥ ፉትቦል፣ ያንን ኳስ በእጅ ይዘው የሚጋጩበትን የአሜሪካ ጨዋታ፣ ሲጫወቱ በአንድ መስመር ትከሻ ለትከሻ ይቆሙ ነበር። አባዬ መሃሉ ላይ ነበር። አጎንብሶ፣ እጁን መሬት አስነክቶ፣ ከኋላው ያለው ልጅ ቆጥሮ እስኪጠራ ድረስ ድንጋይ ሆኖ ይጠብቃል። ቆጠራው ሲመጣ ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ሰጥቶ፣ ፊቱ ያለውን ግንድ የሚያህል ሰው በጭንቅላቱ ይገጨዋል። ሌላው ኳሷን ይዞ ሮጦ ይጨበጨብለታል፤ የመስመሩ ሰዎች ጭቃቸውን አራግፈው ይነሳሉ። ስድስት ነበሩ። አሰልጣኝ አልጋ ላይ ሆነው "በሕይወቴ የተሸከሙኝ እነዚያ ስድስቱ ናቸው፣ ስሞትም እነሱው ይሸከሙኝ" ብለዋል። የሣጥን እጀታ ደግሞ ስድስት ነው።

አጎቴ ሬይ ለአባዬ ያመጣውን የሣጥን ተሸካሚ ነጭ ጓንት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "የሞተ ሰው አይወቀስም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"በሕይወት እያለ ማን ወቀሰውና! ሐውልት ነው ያቆማችሁለት። አሁን ደግሞ መንገዱን በስሙ ልትጠሩት ነው አሉ። እኔ አውቶቡሴን በዚያ መንገድ የምነዳ ይመስልሃል?"

"እሳቸው ባይኖሩ እኔ ዛሬም ዓሣ ፋብሪካ ቆሜ የዓሣ ሆድ እዘረግፍ ነበር። አባቴም አያቴም እዚያው ነው ያረጁት። ኮሌጅ ስገባ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ከእሳቸው በቀር ያወቀብኝ የለም። ለማንም አልተናገሩም። ከልምምድ በኋላ ቢሯቸው እያስቀመጡ፣ በሩን ዘግተው፣ ከእኔ ጋር ፊደል ቆጠሩ። ዛሬ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነኝ ቬርኒታ። የዚህች ልጅሽ ዳይሬክተር።"

"አንተን ፊደል አስተማረህ" አለች እናቴ፤ "የእኔን ባል ግን የገዛ ልጁን ስም አስረሳው።"

ይሄ እውነት ነው። አንዳንድ ቀን አባዬ በእህቱ ስም ይጠራኛል። አቤት እላለሁ፣ ምን ይደረጋል። ድሮ ጎሚስታ ነበር፤ የከተማው ጎማ ሁሉ በእጁ አልፏል። አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት መኪና ጎማ ቡሎን ሳያጠብቅ ለቀቀና ጎማው መንገድ ላይ ወልቆ ሄደ። ሰው አልሞተም፤ እሱ ግን ከሥራ ወጣ። ሐኪሙ በወጣትነቱ ጭንቅላቱ ከሚገባው በላይ ተመትቷል አለ። ከዚያ ወዲህ በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ለውዝ ይፈለፍላል። አሰልጣኝም በየሐሙሱ እየመጡ አጠገቡ ተቀምጠው አብረውት ይፈለፍሉ ነበር። ብዙም አያወሩም። እናቴ ወንበር ትሰጣቸዋለች፤ በረዶ ያለበት ሻይ ግን አንድም ቀን ቀድታላቸው አታውቅም። በእኛ አገር ደግሞ ለእንግዳ ያንን ሻይ መንፈግ በር ከመዝጋት ይከፋል።

መግቢያዬ አሁን ነው አልኩ። "እማዬ፣ ነገሩን እያከበድሽው እኮ ነው። አባዬ ዛሬ ደህና ነው። ጠዋት እንዴት አደርክ ስለው 'ሁለት!' ብሎኛል።"

ሁለቱም ዞረው አፈጠጡብኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። "ሁለት" እኛ ቤት "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ስድስቱ ሰዎች ሲገናኙም ሰላምታቸው እሱ ነው፤ ገበያ መሃል ሳይቀር "ሁለት!" እያሉ ይተቃቀፋሉ። እኔ የሰፈር ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

"ንገራት ሬይ" አለች እናቴ። "ከየት እንደመጣ ንገራት።"

አጎቴ ሬይ ጓንቱን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። "አንድ ሰው ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲወድቅ አሰልጣኝ ይመጡና ጣታቸውን ያወጣሉ። 'ስንት ነው?' ይሉሃል። ካወቅክ ትገባለህ።"

"ስንት ጣት ነበር የሚያወጣው?" አለች እናቴ።

"ሁለት።"

"ሌላ ጊዜስ?"

"ሁልጊዜ ሁለት ነበር።" ወደ እኔ ዞረ። "አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምንነግረው እሱን ነበር። 'ዓይንህ ጭልም ቢልብህም ሁለት በል' እንለዋለን።"

"እሱስ?" አለች እናቴ። "እንደምታውቁበት ያውቅ ነበር?"

አጎቴ ሬይ በትምህርት ቤት ስብሰባ ሁለት ሰዓት የሚያወራ ሰውዬ ነው። አሁን ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ማናችንም ከሜዳ መውጣት አንፈልግም ነበር" አለ። "ባይጠይቁንም እንገባ ነበር።"

"እናንተ ልጆች ነበራችሁ። እሱም ልጅ ነበር?"

ይሄኔ አባዬ በካናቴራ ሆኖ፣ የለውዝ ልጣጭ ከጭኑ እያራገፈ ገባ። አጎቴ ሬይን ሲያይ ፊቱ በራ። አጎቴ ሬይም የሚይዘውን ያጣ ሰው ሆኖ ፈጠን ብሎ ተነሳ። "ይኸው ራሱ መጣ! እንዲያውም እይው፣ ደህና ነው" አለና አራት ጣቱን አወጣ። "ላማር! ስንት ነው?"

አባዬ እጁን አላየም። የሚያየው የአጎቴ ሬይን ፊት ነበር።

"ሁለት!" አለ ፈገግ ብሎ። ከዚያ ደግሞ "ልግባ?"

የአጎቴ ሬይ አራት ጣት አየር ላይ ቀረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ ለካ ካውያውን ሸሚዙ ላይ ትቼዋለሁ። ጀርባው ላይ የቡና ቀለም ያለው ሦስት ማዕዘን ወጥቶበታል። እናቴ አየችውና ካውያውን ከሶኬት ነቀለች። እናቴ ሳትቆጣኝ ካለፈች ነገሩ ከባድ ነው።

"ቬርኒታ፣ ልክ ነሽ" አለ አጎቴ ሬይ። "በእሱ ፋንታ ከቀብር አስፈጻሚዎቹ ሰው እንፈልጋለን።"

አባዬ ግን ጓንቱን አንስቶ ማጥለቅ ጀምሮ ነበር። "ማንን ነው የምንሸከመው?"

"አሰልጣኝን።"

"ሞቱ?" ተቀመጠ። ሦስት ጊዜ ነግረነዋል፤ አዲስ ሆነበት። ጓንቱን ጎተት አድርጎ "እኔ ከሌለሁማ ሣጥኑ ያጋድላል" አለ።

እናቴ የተቃጠለውን ሸሚዝ ከእጄ ተቀብላ አለበሰችው፤ ክራቫቱን አሰረችለት፤ ኮቱን ደረበችለት። "እሱ የሚለውን ያድርግ" አለች። "እኔ ግን የቤተክርስቲያኑን ደጃፍ አልረግጥም። መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ።"

መንገድ ላይ እኔ ለመናገር ወሰንኩ። እኛ ዘንድ ቀብር ላይ ፓስተሩ "መናገር የሚፈልግ ሦስት ደቂቃ" ይላሉ። እኔ ደግሞ በሦስት ደቂቃ ሐውልት አፈርሳለሁ። ስለ ሁለቱ ጣት ሕዝቡ ይስማ። ቃል በቃል በልቤ ደረደርኩት።

ቤተክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። መስከረም ቢሆንም ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ ሰው ሁሉ የካርቶን ማራገቢያ ያራግባል። ከንቲባው ስለ ዋንጫ ተናገሩ። አንድ የፍርድ ቤት ዳኛ ተነስቶ "አባት አልነበረኝም፣ እሳቸው ነበሩኝ" ብሎ ፊቱን በማራገቢያው ሸፍኖ ቁጭ አለ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት "የወንድሜን ጉልበት የጨረሱትም እሳቸው ናቸው" አለች፤ ጎረቤቷ ዝም አሰኘቻት። እኔ ተነስቼ ማይክራፎኑ ጋ ሄድኩ።

ከፊቴ የአሰልጣኝ ባለቤት ሚስ ኦፓል ተቀምጠዋል። ከሣጥኑ ጎን ስድስቱ ሰዎች በነጭ ጓንት ቆመዋል። አንዱ ምርኩዝ ይዟል። አንዱ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ጓንቱ ነጭ ስለሆነ ደግሞ ከሩቅ ይታያል። ሁሉም የተቃቀፉ ያህል ተጠጋግተዋል። አባዬ ሲያየኝ እጁን አውለበለበልኝ፤ "የእኔ ልጅ ናት" ብሎ ለጎኑ ሰው ሲያንሾካሹክ ቤቱ ሙሉ ሰማው።

የደረደርኩት ሁሉ ብን አለ።

"ኬንድሪያ ፌልደር እባላለሁ። የላማር ልጅ ነኝ።"

"አሜን!" አለ አንድ ሰው።

"አሰልጣኝ በየሐሙሱ ቤታችን ይመጡ ነበር። ከአባዬ ጋር ለውዝ ይፈለፍላሉ።" ወደ ስድስቱ ዞርኩ። "አንድም ቀን ግን ጣታቸውን አውጥተው 'ስንት ነው' ብለው አልጠየቁትም።"

ሕዝቡ አልገባውም፤ ጥቂቱ በትህትና አጨበጨበ። ከስድስቱ አምስቱ ግን አንገታቸውን ደፉ። ሚስ ኦፓልም ማራገቢያቸውን አቆሙ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ሦስት ደቂቃ ቀርቶ ግማሽ ደቂቃ አልሞላም።

መዝሙሩ ሲያበቃ የቀብር አስፈጻሚው ምልክት ሰጠ። ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ተሰለፉ። አባዬ የፊተኛው ነበር። አምስቱ እጀታቸውን ያዙ። አባዬ እግሩን ከፈተ፣ አጎነበሰ፣ በነጩ ጓንት ምንጣፉን ነካ፤ ቀና ብሎም ወደ ፊት አፍጥጦ ድንጋይ ሆነ።

ማራገቢያው ሁሉ ቆመ። ከኋላ አንድ ሕፃን ሳቀ።

"ላማር" አለ አጎቴ ሬይ በሹክሹክታ። "ወንድሜ፣ እጀታው።"

"ዝም በል፤ ገና አልተቆጠረም።"

አስፈጻሚው ትከሻውን ነካው፤ አባዬ አልተነቃነቀም። ላቡ ከግንባሩ ምንጣፉ ላይ ይንጠባጠባል። በክፍቱ መስኮት ወደ መኪናችን ዞርኩ፤ እናቴ ወደ ውስጥ እያየች ነበር።

በሩ ተከፈተ። በመሃል መተላለፊያው የእናቴ የሥራ ጫማ ሲጮህ ሰማሁ። የቀብር ልብስ እንኳን አልለበሰችም፤ የአውቶቡስ ሹፌሮችን ሰማያዊ ጃኬት እንዳደረገች ነው። ማንንም ሳታይ መጥታ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

"ላማር፣ ጨዋታው አልቋል።"

"አሸነፍን?"

"ና፣ ተነስ" አለችው። ብብቱን ይዛ አነሳችው፣ እጁን እጀታው ላይ አደረገችለት፣ የራሷን እጅ ከላይ ደረበችበት። "እሺ" አለች ለሌሎቹ፤ ሣጥኑም ብድግ አለ። እስከ መቃብሩ ጉድጓድ ድረስ እንደዚያው ሄዱ። አጎቴ ሬይ ሳይሸሽግ እያለቀሰ ነበር። ለማን እንደሚያለቅስ አልጠየቅኩትም።

ከቀብር በኋላ ሰው የቤተክርስቲያኑ አዳራሽ ገብቶ ምሳ ሲበላ ክርክሩ እንደ አዲስ ተነሳ። አንዱ ጠረጴዛ "እንደሳቸው ያለ አባት አይገኝም" ይላል፤ ሌላው ጠረጴዛ ስለ ጉልበትና ስለ ጭንቅላት ያወራል። እናቴ ጥግ ላይ ከአባዬ ጋር ተቀምጣ ጓንቱን ጣት በጣት ታወልቅለታለች። እኔም የተጠበሰ ዶሮዬን ይዤ፣ ነፍሴም መለስ ብላ ስለነበር፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ መቼም እውነት እውነት ነው። 'ደጃፉን አልረግጥም' ብለሽ ገባሽ፤ 'አይሸከምም' ብለሽ ጭራሽ አንቺም ተሸከምሽ። አጎቴ ሬይ አሸነፈሽ ማለት ነው። እኔ ደግሞ ማይክራፎኑ ላይ ለአንቺ አንድ አስቆጥሬልሻለሁ፤ ስለዚህ እኩል ለእኩል…"

እናቴ የጓንቱን የመጨረሻ ጣት አወለቀች። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም።

"እኔ የያዝኩት የባሌን እጅ ነው። ነጥብ መቁጠር ካማረሽ ሂጂ ሌላ ጠረጴዛ ተቀመጪ።"