ያልወጣላት ሐዘን

አልቃሿ ፀሐይነሽ ሙሾ አውርዳ አውርዳ ድምጿ ተዘጋ። አስፋልት ያልገባበትን የገርጂን ጭቃ አቋርጠው የመጡት ሴቶች ሁሉ ዓይናቸው አበጠ። ሰዓዲያ ብቻ ጉልበቷን አቅፋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች።

ታላቅ እህቷ ዘሃራ አንጀቷ አረረ። ምን ታድርግ? ሰዓዲያ ባሏ ሙኽታር ሞቶ፣ የባል ሐዘን መጠበቂያውን ዒዳዋን ከጨረሰች በኋላም አልበላም፣ አልታጠብም፣ ከቤት አልወጣም ብላ ቀረች። በቀብሩ ቀን ያላነባችው እንባ ልቧ ላይ ቀርቶ ነው ብላ፣ ሱቋን ዘግታ ለቅሶውን እንደገና የጠራችው ዘሃራ ናት።

"እስቲ ስሙን ጥሪው፤ አልቅሺና ይውጣልሽ" አለቻት ተጠግታ።

"ምንም አይመጣልኝም፣ እታለም።"

ዘሃራ ማድ ቤት ገብታ ድስቶቹን ታንኳኳ ጀመር። ልጇ ሳጂዳ ተከትላት ገባች። ሳጂዳ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ትማራለች። ሐዘንና ድብርት ለየቅል ናቸው ብላ ስንቴ ብትነግራትም፣ ዘሃራ እህቴን ከደብተርሽ አልማርም እያለች አባራታለች።

"እማ፣ አባባ ሲሞት እንዴት ሆንሽ?"

"እንዴት እሆናለሁ? ፊቴ እስኪላጥ አለቀስኩ።"

"ለቅሶ ደራሽ ሲያጫውትሽስ?"

ዘሃራ የሟቹን ቀልድ ሲያነሱባት በሳቅ ፍርስ ብላ ማፈሯ ትዝ አላት።

"ሐዘን እንደዚያ ነው" አለች ሳጂዳ። "የሞተው ሰው ይጎድልሻል፤ ታለቅሺለታለሽ፣ ደግሞ ትስቂያለሽ። አክስቴን ግን የጎደላት ጋሼ ሙኽታር ብቻ አይደለም። እህሉም፣ ሰዉም፣ ራሷም ጠፍተውባታል። ይሄ ድብርት ነው፤ ሐኪም ነው የሚፈልገው።"

"አብዳለች በይኛ! ሰፈሩ ምን ይለናል?"

"አላበደችም፤ ታማለች።"

ዘሃራ ድስቱን ወርውራ ተመለሰችና እህቷ ላይ ጮኸች። ባልሽ ድንጋይ ነበር ወይ፣ ለልጆችሽ እንኳ አታዝኚም ወይ አለቻት። ሰዓዲያ አልተቆጣችም።

"ልጆቼን ሳያቸውም ምንም አይሰማኝም። አላህ ይቅር ይበለኝ" አለች በቀስታ።

ዘሃራ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ የቆሸሸውን ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታችላት።

ፀሐይነሽ ነጠላዋን እያጣፋች፣ "ነገም ልምጣ? ነገ እንኳ ታለቅስ ይሆናል" አለች።

"አትድከሚ፣ ፀሐዬ። ነገ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ።"

"ውይ፣ ምኗን አሟት?"

ሴቶቹ ሁሉ ዘወር አሉ። ዘሃራ ጨጓራ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው።

"ድብርት ነው" አለቻቸው።