የፖንታ ዴልጋዳ ቂም

ሄስተር ማውንትፎርድ አፏን ስትከፍት አርባ ሰው ሻዩን ማማሰል ያቆማል። መርከቡ ከእንግሊዙ ወደብ ከሳውዝሃምፕተን ከተነሳ ሁለተኛ ቀኑ ነው። በመስኮቱ መሬት የሚባል ነገር አይታይም፤ ጡረተኛው ሁሉ ሰባተኛ ፎቅ ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ የሄስተርን ምክር ያዳምጣል።

"ስልሳ ስምንት ጊዜ ባሕር ወጥቻለሁ" አለች፣ በቀይ የተቀባ ጥፍሯን ቀስራ። "ስልሳ ስምንት! ያገባሁት ባሌን ሳይሆን መርከብ ነው የሚመስለኝ። ስለዚህ ስሙኝ። ክፍል ስትይዙ ከመሃል፣ ዝቅ ካለው ፎቅ ያዙ። ማዕበል ሲመጣ የሚደንሰው የመርከቡ አፍንጫና ጅራቱ ነው።"

"እኔ አፍንጫው ላይ ነው የምተኛው፤ እንደ ሕፃን እሹሩሩ ይለኛል" አለ ከኋላ የተቀመጠ አንድ የሊድስ ሰው።

"አንተማ ሳትሳፈርም ስትወዛወዝ ነበር፤ መጠጥ ቤቱ በር ላይ አይቼሃለሁ።"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሄስተር ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች። "ከአናታችሁ በላይ ምን እንዳለ ሳታጣሩ ክፍል አትያዙ። ጭፈራ ቤት ሥር የተኛ ሰው እንቅልፍን በሕልሙም አያየውም። መድኃኒታችሁን በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ ትልቁ ሻንጣ እስከ ማታ ላይደርስላችሁ ይችላል። ሆድ ሲያቅለሸልሽ አረንጓዴ ፖም ብሉ፣ ዝንጅብል አኝኩ። የመርከቡን ጉብኝት ግን እንዳትገዙ፤ ዘረፋ ነው! ወደብ ላይ ውረዱና ታክሲ ተጋሩ።"

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ግሌኒስ ፕሮበርት እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ተቀምጣለች። የሰባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ከዌልስ፣ ከስዋንሲ ከተማ የመጣች ጡረተኛ ነርስ። ሠላሳ ሰባት ጊዜ ባሕር ስለወጣች ከሚነገረው ውስጥ አንድም አዲስ የሚሆንባት ነገር የለም። አጠገቧ የተቀመጠው ሲሪል ግን የመጀመሪያ ጉዞው ነው። ሚስቱ ሞታበት ልጆቹ በግድ የላኩት ቁልፍ ሠሪ ነው፤ ሁሉንም ነገር በትንሽ ወረቀት ላይ ይጽፋል።

"የታክሲው ነገር እውነት ነው?" ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃት።

"ለእርስዎ አይሆንም" አለችው። "የመርከቡን ጉብኝት ይግዙ። የመርከቡ አውቶቡስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። ታክሲ ከዘገየ ግን አይጠብቅም፤ ትቶ ይሄዳል።"

ሲሪል የጻፈውን ሰረዘ።

"አሁን ደግሞ ከሁሉ የሚጣፍጠውን ልንገራችሁ" አለች ሄስተር። "መርከቡ ከየወደቡ ሊነሳ ሲል መጠጣችሁን ይዛችሁ ላይኛው ሰገነት ላይ ውጡ። ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰው አይጠፋም። እግሬ አውጪኝ ሲል ማየት ነው! ከሦስት ዓመት በፊት ያነሳሁትን ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶልኛል። ይኸውላችሁ።"

ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን በራ። የድንጋይ ወደብ ታየ፤ አንድ ነጭ ጸጉር ያለው ሽማግሌ አናናስ በደረቱ ታቅፎ ይሮጣል። ባርኔጣው ወደቀ። ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ተወው፣ ደግሞ ሮጠ። ከኋላው አንዲት ሴት ደረቷን ይዛ ትከተለዋለች፤ ፊቷ አይለይም። ቪዲዮውን የምታነሳው ሴት ድምፅ ከላይ ይሰማል፦ "እነዚህ ናቸው እኮ ሰዓቱን ያዞርኩባቸው! በሉ፣ ዋንጫው የኛ ሆነ!"

አርባው ሰው ሳቀ። ሲሪልም ሳቀ፤ ዞሮ ግሌኒስን ሲያይ ግን ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።

"ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ" አለች።

ሽማግሌው አልዊን ይባል ነበር፤ የግሌኒስ ባል። አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ፣ የዓለምን ወንዝ ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነበር። በዚያ ጉዞ በየምሽቱ በሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር የሚችለው ጠፍቶ ለፍጻሜ ደረሰ፤ ተፎካካሪው የሄስተር ቡድን ነበር። ፍጻሜው የሚደረገው መርከቡ ከአዞረስ ደሴቶች ዋና ወደብ፣ ከፖንታ ዴልጋዳ በሚነሳበት ምሽት ነው። በዋዜማው ማታ አልዊንን ልቡ ትንሽ ስላስቸገረው ሁለቱም ቀድመው ተኙ፤ የካፒቴኑን ማስታወቂያ አልሰሙም። ጠዋት ደረጃ ላይ ሄስተርን አገኟትና ግሌኒስ ጠየቀቻት። የደሴቲቱ ሰዓት ከእንግሊዝ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መርከቡ የራሱን ሰዓት እንደያዘ ይቆያል ወይስ ይቀይራል?

"ትናንት ማታ ተነግሯል፤ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሱ ተብሏል" አለች ሄስተር ፈገግ ብላ።

መርከቡ አልቀየረም ነበር። ባልና ሚስቱ በጊዜ መጣን ብለው ወደቡ ላይ ሲደርሱ መሰላሉ ተነስቷል። የአልዊን የልብ መድኃኒት መርከቡ ውስጥ ቀረ። ያንን ሌሊት በደሴቲቱ ሆስፒታል አሳለፉት። ከአምስት ወር በኋላ አልዊን ስዋንሲ ውስጥ ሞተ። ሩጫው አይደለም የገደለው፤ ግሌኒስ ነርስ ናት፣ ይህንን ታውቃለች። የማትረሳው ሌላ ነገር ነው። ሊሞት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ሆስፒታል ከጎኑ የተኛው ሕመምተኛ ስልኩን እያየ፣ "አባባ፣ ይሄ አናናስ ይዞ የሚሮጠው እርስዎ አይደሉም እንዴ?" አለው። አልዊን ለወጉ ሳቀለት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እስኪመሽም አልተመለሰም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ግሌኒስ ሦስት ዓመት ሙሉ የመርከብ ተጓዦች ኢንተርኔት ላይ የሚጫወቱበትን መድረክ እየተከታተለች ሄስተር የት እንደምትሄድ ስትጠብቅ ቆየች። ፖንታ ዴልጋዳ የሚል ጉዞ ሲመጣ በዚያው ቀን ትኬቷን ቆረጠች። ለልጇ ለካሪስ "ትንሽ አየር ልቀበል" ነበር ያለቻት።

ስብሰባው ሲበተን ሄስተርን ጠበቀቻት።

"ደስ ይላል ስትናገሪ" አለቻት። "እኔ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ብቻ ነው የወጣሁት።"

"ገና ጀማሪ ነሽ በይኛ፣ የኔ ውድ!" ብላ ሄስተር ክንዷን ቆነጠጠቻት። አላወቀቻትም። እንዴት ታውቃታለች? ልብ ብላ አይታ የማታውቀውን ፊት!

"ፖንታ ዴልጋዳ ላይ ታክሲ እንጋራ? ፉርናስ የሚባለው መንደር ሄደን ምሳ እንበላለን፤ ሥጋውንና ጎመኑን በድስት አድርገው ትኩስ አፈር ውስጥ ቀብረው የሚያበስሉት አለ።"

"እኔና አንቺ ብቻ?"

"ብዙ ሰው ሲሆን ጫጫታ ነው።"

"ብልህ ነሽ" አለች ሄስተር።

ግሌኒስ ፖንታ ዴልጋዳ በሚደርሱ ማግስት ከደሴቲቱ የሚነሳ አውሮፕላን ላይ ወንበር ይዛለች። ወደቡ አጠገብ ሆቴልም ይዛለች። ፓስፖርቷ፣ መድኃኒቷና አንድ ቅያሪ ልብስ ትንሿ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። በዋዜማው ማታ ሻንጣዋን ዘግታ ለክፍል አጽጂዋ የምስጋና ወረቀት ጽፋ ትታላት ተኛች። ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ "ሰዓታችሁን እንዳትነኩ" ሲል ሄስተር መጠጥ ቤት ውስጥ በአድናቂዎቿ ተከባ በራሷ ቀልድ እየሳቀች ነበር።

ጠዋት ታክሲው በር ላይ ግሌኒስ ዘወር ብላ ጠየቀቻት፤ ውሸት እንኳ አልተናገረችም።

"አንቺ የድሮ ተጓዥ ነሽ፤ መቼም ሰዓትሽን ወደ ኋላ መልሰሻል፣ አይደል?"

ሄስተር ዓይኗን አርገበገበች። አላውቅም ብትል ወይም ሌላ ሰው ብትጠይቅ መዳን ትችል ነበር። ግን ስልሳ ስምንት ጊዜ ባሕር የወጣች ሴት እንዴት ብላ?

"እንዴ! ማታውኑ ነው የመለስኩት" አለች። ታክሲው ውስጥ ገብታ ቦርሳዋን የምትፈትሽ መስላ የእጅ ሰዓቷን ስታዞር ግሌኒስ በመስኮቱ መስታወት ውስጥ አየቻት።

ቀኑ ፀሐያማ ነበር። በሉ፣ ሐይቁን ዞሩ። ሄስተር ቀኑን ሙሉ ስታወራ ዋለች፤ የትኛው መርከብ ቂጣው ደረቅ እንደሆነ፣ የትኛው ካፒቴን አንካሳ እንደሆነ፣ ባሏ ባሕር እየጠላ እንዴት ቤት እንደሚቀር። አንድ ሁለት ጊዜ ግሌኒስ ሳታስበው ሳቀች፤ ሴትዮዋ ጨዋታ ታውቃለች። በሳቋ ተናደደችና ውሃዋን በአንድ ትንፋሽ ጠጣች።

"መርከባችሁ ስንት ሰዓት ነው?" አለ ሾፌሩ።

"አስር ተኩል ላይ መግባት አለብን" አለች ሄስተር ሰዓቷን አይታ። "ገና ነው። አይብ የሚሸጥበት ቦታ አቁምልን።"

ወደቡ ላይ ሲደርሱ በሄስተር ሰዓት አስር ሰዓት ከአምስት ነበር፤ በመርከቡ ሰዓት አስራ አንድ ከአምስት። መሰላሉ ተነስቷል፤ ሠራተኞች የመጨረሻውን ገመድ እየፈቱ ነው።

ሄስተር መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ "ኧረ ቁሙ! ኧረ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸችና ሮጠች። አንድ ጫማዋ ወለቀ፤ ተወችው። ላይኛው ሰገነት ላይ እንዳስተማረቻቸው መጠጣቸውን ይዘው የተደረደሩት ተማሪዎቿ ማን እንደሆነች ሳይለዩ "ሩጪ! ሩጪ!" እያሉ ያጨበጭቡ ጀመር። አንዱ "ኧረ ሄስተር ናት!" ሲል ሳቁ እጥፍ ሆነ። ስልኮች ሁሉ ወደ ታች ዞሩ። ከሁሉም መሃል ሲሪል ብቻ መጠጡን አስቀምጦ አንዱን ሠራተኛ በእጁ እየጠቆመ ያናግር ነበር፤ ሠራተኛው ራሱን ነቀነቀ።

ግሌኒስ አልሮጠችም። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ በዝግታ ሄደች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

መርከቡ ከግንቡ ሲላቀቅ ሄስተር የገመድ ማሰሪያው ብረት ላይ ተቀምጣ ታለከልክ ነበር።

"አልዊን ይባላል" አለቻት ግሌኒስ።

"ማን?"

"አናናስ ታቅፎ የሚሮጠው ሽማግሌ። ስም አለው። አልዊን ፕሮበርት። ባሌ ነበር።"

ሄስተር ቀና ብላ አየቻት። ነገሩ ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሲወጣ ግሌኒስ ቆማ ጠበቀች፤ ሦስት ዓመት የጠበቀችው እሱን ነበር።

"ታመው እንደነበር አላውቅም" አለች ሄስተር በመጨረሻ።

"አልጠየቅሽም።"

"ቀልድ ነበር እኮ! ለአንድ የመስታወት ዋንጫ!"

"እንግዲያው ሳቂ።"

ሄስተር አልሳቀችም። "ክፉ ሴት ነሽ" አለች። "የደም ግፊት መድኃኒቴ መርከቡ ውስጥ ነው። ፓስፖርቴም።"

"ፓስፖርትሽን የመርከቡ ወኪል ይዞታል፤ ሲያጡሽ ከክፍልሽ አውጥተው ለሱ ሰጥተውታል፤ የኛንም እንዲሁ ነበር ያደረጉት። ቢሮው ያ ሰማያዊ በር ነው። ፋርማሲው ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ነው፤ እስከ አንድ ሰዓት ክፍት ነው፤ የመድኃኒቱን ስም ካወቅሽ ይረዱሻል። ካላወቅሽ ሆስፒታሉ ከኮረብታው ላይ ነው፤ እኔ መንገዱን አውቀዋለሁ። ጸቤ ከኩራትሽ ጋር ነው፣ ከነፍስሽ ጋር አይደለም።"

ሄስተር ተነሳች። አንድ እግሯ ጫማ አድርጎ፣ ሌላው ባዶውን ሆኖ ወደ ሰማያዊው በር ስትሄድ ግሌኒስ በሩ እስኪዘጋ ቆማ አየቻት። ከዚያ ሆቴሏ ገብታ አንድ ሙሉ ዓሣ በላች፤ ሳትነቃ እስኪነጋ ተኛች።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሄስተር ቤቷ እንደገባች በተጓዦቹ የኢንተርኔት መድረክ ላይ "ይህች ሴት ሆን ብላ አታለለችኝ" ብላ ጻፈች። ግሌኒስ አልካደችም። "አዎ፣ ሆን ብዬ ነው" ብላ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰፈረች። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ "ደግ አደረግሽ" አላት፤ ገሚሱ "የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የጣለች" ብሎ ረገማት። የመድረኩ አስተዳዳሪዎች ሁለቱንም አስወጧቸው። ሄስተር የአናናሱን ቪዲዮ አጠፋችው፤ ግን ሌሎች ቀድተውት ስለነበር ዛሬም ከሷው ሩጫ ጎን ለጎን ይዞራል። ግሌኒስ ይህን አላሰበችበትም ነበር። አልዊን አሁንም እየሮጠ ነው።

ካሪስ ሁሉንም ያነበበችው ሥራ ቦታዋ ላይ ነበር። በዚያው ቀን መጥታ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ቆመች።

"አየር ልቀበል ያልሽው ይሄን ነው እማዬ?"

"ይሄን ነው።"

"ቀለለሽ?"

ግሌኒስ ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ቀለለኝ። ያሰብኩትን ያህል አይደለም፤ ግን ቀለለኝ።"

"አባዬ ደስ የሚለው ይመስልሻል?"

"አይለውም" አለች። "አባትሽ ቢሆን ይቅር ብሏት፣ ጭራሽ ቁጭ ብሎ ስለ ወንዝ ያወራት ነበር። እኔ እሱን አይደለሁም።"

ካሪስ ኮቷን አውልቃ ወንበር ሳበች፣ ሌላ ቢላዋ አወጣችና ከእናቷ ጋር ድንቹን መላጥ ጀመረች።