አፉ ያላለች ጎረቤት

እትዬ ዐሊማ ለሞት መሰናዳታቸውን የሰፈሩ ሰው ያወቀው ጎረቤቱን አስጠርተው «አፉ በሉኝ» ማለት ሲጀምሩ ነው። ወግ ነው። አላህ የራሱን ሐቅ ይምራል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ራሱ ይቅር ካላለ በቀር ማንም አያነሳውም። ስለዚህ የዚያ የደሴ ዳገት ነዋሪ ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ጫማውን ደጃፍ ላይ እያወለቀ ገባ።

ሁስኒያ ከሁሉም ቀድማ ከራስጌያቸው ተቀምጣለች። ልጆቿን በሙሉ ያዋለዷት እኚህ ጎረቤቷ ናቸው፤ እናቷን እንኳ የዚህን ያህል አልወደደቻትም።

«ስንት ጊዜ ጎመንሽን በዶሮዬ አስበልቻለሁ። አፉ በይኝ» አሏት።

«አፉ ብያለሁ፣ ዶሮዋንም ጭምር።»

ሰው ሳቀ። ሁሉም በየተራው አፉ አለ። ከዚያ ዐሊማ ቀና ብለው፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን አንድ ልጃቸውን በዓይናቸው ጠሩት።

«አሁን ደግሞ ለየሱፍ አፉ በሉልኝ።»

የሱፍ የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፤ ያደረገውን የማያውቅ ደግሞ በዚያ ቤት አልነበረም። ለቦኖ ውሃ ተብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ መዋጮ ተሰብስቧል፤ ሁስኒያ በጓን ሸጣ ከፍላለች። ውሃው ቀረና በምትኩ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ኮምቦልቻ የተበየደ የብረት ቅስት መጣ፤ ዙሪያውን ቀይ አምፖል ተደርድሮበት ቀበሌው መግቢያ ላይ ተገተረ። በዓሉ አለፈ፣ ቅስቱ ቀረ። ከኩታበር በረሃብ የሚወርደው ሰው በሥሩ ያልፋል፤ ሴቶቹም ከምንጭ ሲመለሱ እንስራ አዝለው በሥሩ ያልፋሉ። ለጠማው ሰው አምፖል! በስብሰባ ላይ ግን «መዋጯችንስ?» ያለ አልነበረም። የጠየቀ ሰው ወዴት እንደሚወሰድ ይታወቃላ።

«አፉ ብለናል» አለ የሁስኒያ ባል በሺር፣ ማንም ሳይቀድመው። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ስብሰባ ላይ እጅ እንደሚያወጡት ማለት ነው።

የዐሊማ ዓይን ሁስኒያ ላይ አረፈ። «አንቺሳ፣ ልጄ?»

አንድ ቃል ናት። ብትላት የምትወዳቸው ሴት በሰላም ይሄዳሉ፣ ባሏም በሰላም ያድራል። ግን ከልቧ ሳይወጣ በአፏ ብትለው ሐቁ የሱፍ ትከሻ ላይ እንደተጫነ ነው፤ እናትየው ብቻ «ወረደለት» ብለው ተታልለው ይሄዳሉ። በሺር ከኋላ ሻሽዋን ሳብ አደረገ።

«ለእርስዎ ሺህ ጊዜ አፉ ብያለሁ» አለች። «ለየሱፍ ግን ወላሂ ከልቤ አልወጣልኝም። በዚህ ሰዓት እርስዎን ልዋሽዎ?»

የሱፍ ፊቱ ጠቆረ። በሩ አጠገብ የነበሩት ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። ዐሊማ ግን የሁስኒያን እጅ ዳብሰው ያዙ።

«ሰማህ?» አሉት ልጃቸውን። «እነዚህ አንተን ፈርተው ነው። ይቺ እኔን ወዳ ነው። ሐቃቸውን መልስ። የፈራ ሰው አፉታ ይዘህ ወደ አኺራ እንዳትመጣብኝ።»

የሱፍ መደቡ ሥር ተንበረከከ። ግንባሩን እናቱ እጅ ላይ ጥሎ እንደ ልጅነቱ አለቀሰ።

እሁድ ዕለት ሰውን ቅስቱ ሥር ሰበሰበ። «የቦኖውን ብር እዚህ ብረት ላይ ያዋልኩት እኔ ነኝ» አለ። «በዓሉ ይድመቅ አሉኝ ከላይ፤ እምቢ ማለት ፈራሁ። ብረቱ ተሽጦ ቧንቧ ይገዛበት። የሚጠይቅ ቢመጣ እኔን ይጠይቅ።»

ያን ቀን ማንም አላጨበጨበም። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ከዚያ በሺር መሰላል ሊያመጣ ሄደ።

ሁስኒያ ሮጣ ሄዳ ለዐሊማ ነገረቻቸው።

«ታዲያ አፉ አልሽው?»

«ውሃው ይምጣና።»

ዐሊማ ፈገግ አሉ። «እኔ እስከዚያ አልቆይም። አደራ፣ እንዳትለቂው።»

በማግስቱ አረፉ።

የሱፍ ከሊቀመንበርነቱ ተነሳ፤ ጥቂት ወራትም ታሰረ። በተፈታ ዕለት ሁስኒያ እንኳን አላህ አወጣህ አለችውና ወዲያው «ውሃውስ?» ብላ ጠየቀችው። ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ደጇ ቆማ ትጠብቀዋለች። «ውሃውስ፣ የሱፍ? እናትህ አደራ ብለውኛል።» ስለ እናቱ ሳያነሱም አይለያዩም፤ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ሳቃቸው፣ ስለ ቁጣቸው። እሱም ቧንቧ ፍለጋ ኮምቦልቻ ሲወርድ ሲወጣ ጫማው አለቀ።

ግንቦት ላይ ውሃው ገባ። የመጀመሪያውን እንስራ የሱፍ ራሱ ሞልቶ አዝሎ ደጇ አደረሰላት፤ ወንድ ልጅ እንስራ ሲያዝል አይተው የማያውቁት ሴቶች ሳቁበት። ሁስኒያ ቀድታ ጠጣች።

«አፉ ብያለሁ» አለችው፤ ከልቧ ነበር።

ከዚያ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አደራው አልቋል። ከእንግዲህ በጁምዓ ደጇ ላይ የምታቆመውና ስለ ዐሊማ የምታወጋው ሰው አይኖርም።