ቀለብ ያልተሰፈረላት ዘብ

በደርግ ዘመን የጸሎት ቤታቸው ከታሸገ በኋላ፣ ጥቂት የሐዋሳ ምእመናን እሑድ እሑድ በቡሹሎ በኩል ባለው ሜዳ፣ ከአንድ ብቸኛ ግራር ሥር ይሰበሰቡ ነበር። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢጸልዩም ከመካከላቸው ዘብ አላቆሙም፤ በግራሩ ላይ ጎጆዋን የሠራች ጭልፊት ነበረቻቸውና። እነርሱን ለምዳለች፤ እንግዳ እግር ሜዳውን ሲረግጥ ግን ከሩቅ አይታ እየጮኸች ትነሣለች፤ እነርሱም ይበተናሉ።

ሣሩ አጭር ሳለ ጭልፊቷ በአየር ላይ ባለችበት ቆማ፣ ክንፏን እያርገበገበች አይጥ ታድን ነበር። ክረምት ገብቶ ሣሩ አይጡን ሲሸሽግባት፣ ልጆቿን ለመቀለብ በሜዳው ዳር ወዳለው የገበያነሽ ግቢ ዞረች። ገበያነሽ ከምእመናኑ አንዷ ስትሆን፣ ዕንቁላል እየሸጠች ልጆቿን የምታሳድግ መበለት ናት።

«ወንጌላዊ፣ ዶሮዎቼን ጨረሰችብኝ እኮ» አለችው ጸሎቱን ለሚመራው ለማቴዎስ።

«ታገሺ እኅቴ። ይህች ወፍ የጌታ ዘብ ናት።»

«የጌታ ዘብ ከሆነች ቀለቧን የምሰፍር እኔ ብቻ ነኝ? የእርስዎ ዶሮዎችስ አይጥሟትም?»

ልብስ ሰፊው ኩማ ሳቀ። «የእኛን ከፈለገች እስከ ከተማው ትብረራ!»

ሁሉም ሳቁ። አንዲት ቄብ ይዞላት የመጣ ግን አልነበረም።

የመጨረሻዋ ዶሮ በተነጠቀች ማግሥት ገበያነሽ ወፏ በልታ በተወችው ሥጋ ወጥመድ አጠመደች፤ የተያዘችውንም ጭልፊት በዱላ ገደለቻት።

እሑድ ዕለት ሽቅብ ያየ አልነበረም። ገበያነሽ በወፏ ፈንታ ራሷ ልትጠብቅ ቆርጣ፣ ዓይኗን ሳትጨፍን ተቀመጠች። ማቴዎስ ጸሎቱን ጀመረ፤ ስለ ዝናቡ አመሰገነ፤ ቀጥሎም «ያለ ዋጋ ስለ ሰጠኸን ዘብ» አለ። የገበያነሽ እንባ መጣ። ዓይኗን ጨፈነች።

ስትገልጥ ታጣቂዎች ከበዋቸዋል።

«ጴንጤ ደግ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቀናል!» አለ አንደኛው። «በሉ ተነሡ!»

ማቴዎስ ወደ ጎጆው አንጋጠጠ። «ወፏስ?»

«ገደልኋት» አለች ገበያነሽ።

«ሸጥሽን!» አላት ማቴዎስ።

«የሸጠስ ዋጋ ይቀበላል፤ እናንተ ግን እኔን ለወፏ የሰጣችሁት በከንቱ ነው።»

ታጣቂው ማቴዎስንና ገበያነሽን በአንድ ገመድ አሰራቸው። መንገዱ በደጃፏ ያልፍ ነበርና ልጆቿ እየሮጡ ወጡ። ማቴዎስ ፊቱን ከልጆቹ አዞረ።