የደም ብዛቱ ጥፋተኛ

የመኪና ረዳቱ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ደም ብዛት አለብህ ሲባል አልደነገጠም፤ ተናደደ። ደም ብዛት እሱ እንደሚያውቀው ቦርጫቸውን ታቅፈው የሚውሉ ሰዎች በሽታ ነው። እሱ ዕድሜውን የፈጀው ከጭነት መኪና ላይ እየዘለለ ሲወርድና ዳገት ላይ ጎማ ሥር ታኮ ሲወሽቅ ነው። አሁን በስንት ደጅ ጥናት ራሱ መሪ ሊጨብጥ፣ የቀረው የጤና ምርመራው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ነርሷ ክንዱን አስራ ለካችውና ራሷን ነቀነቀች።

«መቶ ስልሳ በመቶ። ይኼ ሳይወርድ አልፈርምልህም።»

«ሲስተር፣ እኔ እኮ ምንም አያመኝም።»

«ክፋቱ እሱ ነው፤ አያምም። ኪኒኑን በየቀኑ ዋጥ፣ ጨው ቀንስ፣ ሲጋራውን ተው፣ ከዚያ ትመለሳለህ።» ቀጥላም እንደ ዋዛ፣ «ደግሞ ብዙ አትናደድ» አለችው።

ከምክሯ ሁሉ ጆሮው የያዘው ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ነው። ኪኒኑን ኪሱ ከተተና ያናደደው ማን እንደሆነ ያስብ ጀመር። ማሰብም አላስፈለገው። ታላቅ ወንድሙ ነው።

ወንድሙ እንጨት ሠሪ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ የሠርጉን ፎቶ ሰቅሏል። ፎቶው ላይ የሚስቱ አክስቶች ሁሉ አሉ፤ ማን እንደጠራው የማይታወቅ ባለ ከረባት ሰውዬም አለ። ከረዳቱ የሚታየው ግን አንድ ክርን ነው፤ ያን ቀን ሙሉ ወንበር ሲሸከም የዋለ ክርን። ታናሽ ሆኖ የተወለደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ሥራ ሲሆን ሙሉ ሰው ነህ፣ ፎቶ ሲሆን ክርን።

ሰንበት ብሎ ወደ ወንድሙ እንጨት ቤት ሄደ። ወንድሙ ሳንቃ ይልጋል።

«ወንድም ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። በአንተ ምክንያት ልሞት ነው።»

ወንድሙ መላጊያውን አስቀመጠ። «ምን አደረግኩህ?»

«ፎቶው።»

«የቱ ፎቶ?»

«ክርኔ ያለበት።»

ወንድሙ ቆይቶ ገባው። «እሱማ ፍሬሙን ስሠራ እንጨት አጠረኝ። ከአንድ ጎን ትንሽ ቆረጥኩት።»

«እንጨት አጠረህና ወንድምህን ቆረጥክ? እንጨት ሠሪ አይደለህ እንዴ?»

«ባለ ከረባቱን ልቆርጠው ነበር እኮ፤ ምን ላድርግ፣ መሐል ገብቶ ቆመ።»

ምሳ ይዛ የመጣችው የወንድሙ ሚስት፣ «እንግዲህ ይቅርታ ጠይቀውና ልጁ ይዳን» አለች። ወንድሙም ብናኙን ከእጁ አራግፎ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ» አለ። ረዳቱ ይህችን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል፤ ስትመጣ ግን ያን ያህል አልጣመችውም። ቢሆንም መድኃኒት ነው ብሎ፣ ሳይበርድ ሊለካ ወንድሙን እየጎተተ ሄደ።

ነርሷ ትንሽ አሳርፋ ለካችው። መቶ ስልሳ ሁለት በመቶ።

«ጭራሽ ጨመረ?»

«ኪኒኑን እየዋጥክ ነው?»

«ምን ይሠራልኛል፣ ሲስተር? ጥፋተኛው ተገኝቷል። ይኸው፣ ይቅርታም ጠይቆኛል።»

«ይቅርታው ጥሩ ነው። ደም ሥርህ ግን ጆሮ የለውም።»

ወንድሙ ሳቁን መያዝ አቃተው። እጅጌውን እየሰበሰበ፣ «እስቲ እኔን ይለኩኝ፤ የጤነኛ ሰው ምን እንደሚመስል ይይ» አለ። ነርሷ ለካችው። ሌላኛውን ክንዱንም ለካች።

«መቶ ሰማንያ በመቶ አሥር። ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አምስት» አለ፤ ሳቁ የት እንደገባ እንጃ።

«በቤተሰብ ነበረ?»

«አባታችን አርባ ሳይሞላው፣ ደህና ውሎ ድንገት ወድቆ ሞተ። ያኔ ሰዉ ንዴት ነው አለ።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ?»

ወንድማማቾቹ ተያዩ። አባታቸው ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም ነበር።

ረዳቱ ኪሱ ውስጥ የተጨማደደውን ኪኒን አውጥቶ አንዱን ለወንድሙ ሊሰጥ ሲል ነርሷ እጁን ያዘችው። «ኪኒን እንደ ሲጋራ አይቃመስም። አንተ የራስህን ዋጥ፤ እሱ ዛሬውኑ ሐኪም ሳያየው ከዚህ አይወጣም።»

አግዳሚው ላይ ተራ ሲጠብቁ ወንድሙ ቀስ ብሎ፣ «የእኔ ከአንተ ይበልጣል ማለት ነው?» አለ።

«ይበልጣል። እኔ መቼ በልጬህ አውቃለሁ» አለ ረዳቱ፤ ኪኒኑን ዋጠ።

የዚያን ቀን ያለ ፊርማ ነው የተመለሰው። በየቀኑ እየዋጠ፣ ጨው ቀንሶ፣ ሲጋራውንም እየረገመ ትቶ፣ ቆይቶ የደም ግፊቱ ሲወርድ ነርሷ ፈረመችለት፤ መሪም ጨበጠ። አሁን ጠዋት ጠዋት ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ እሱም ኪኒን ለታዘዘለት ወንድሙ ይደውላል።

«ዋጥክ?»

«ዋጥኩ።»

«ውሃው ሲወርድ አልሰማሁም። ስልኩን ጉሮሮህ አጠገብ ያዝና በደንብ ዋጥ።»

«አንተ፣ ታላቅህ እኮ ነኝ።»

«ታላቅነትህንማ ነርሷም ለክታልሃለች። ጠጣ።»

ወንድሙ እያጉረመረመ ይጠጣል። ረዳቱም የውሃውን ጉርጉርታ ሳይሰማ ሞተር አያስነሳም።